ግጥሙ የማን ነው?

ባለፈው ክረምት በወጣቶች ሕብረታችን የምታገለግል አንዲት ልጅ ስልኳን ይዛ መጣችና አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። የማናውቀው ወጣት ዓይኑን ጨፍኖ ግጥም ያነባል፤ ከኋላው ለስለስ ያለ ኪቦርድ ይሰማል። ግጥሙ እሷ እናቷ ታማባት በነበረ ጊዜ የጻፈችው ነው። መጀመሪያ ደብተሯ ላይ፣ ቀጥሎ በራሷ የቴሌግራም ገጽ ላይ ነበር የወጣው። ከዚያ አንዱ ስሟን ትቶ ግጥሙን ብቻ ወሰደና ቻናሉ ላይ ለጠፈው። ሁለተኛው «ከቴሌግራም የተገኘ» ብሎ ፌስቡክ ላይ አወጣው። ይሄ ሦስተኛው ደግሞ የራሱ አድርጎ አነበበው። ላይኩ በሺህ ይቆጠራል። ከሥሩ የተጻፈው ሁሉ «ጸጋው ይብዛልህ ወንድሜ» የሚል ነው።

«መምህር፣ ስሜ እንዲጻፍ መፈለጌ ኃጢአት ነው?» አለችኝ።

እኔም ፈጠን ብዬ «ክብሩ ለጌታ ነው፤ ተዪው» አልኳት። ዝም አለች፤ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሄደች። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳስበው መልሴ ረከሰብኝ። እኔን ምንም ያላስከፈለኝ መልስ ነበር፤ ግጥሙ የእኔ አይደለማ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ያን መልስ ለማረም ነው። እናንተም ከመካከላችሁ የሚጽፍ፣ የሚዘምር፣ ፖስት የሚያደርግ ስለማይጠፋ አብራችሁኝ አንብቡት።

ታሪኩን ከቅርብ እንጀምር። ከተማችን መካነ ኢየሱስ ትባላለች። ከአገር ወጣ ብዬ «ከመካነ ኢየሱስ ነው የመጣሁት» ስል ብዙ ሰው የቤተ ክርስቲያኗ ሠራተኛ እመስለዋለሁ፤ «እስቴ፣ ደቡብ ጎንደር» ብዬ እስካስረዳ ድረስ አንግባባም። ይህ አገር የጽሑፍና የትምህርት አገር ነው። ከእኛ ብዙም የማይርቀው ጋይንት የቤተ ልሔም የድጓ ቤትና የዙር አባ የዝማሬ መዋሥዕት ቤት ያሉበት ነው። ከየአውራጃው ተምሮ የመጣ የድጓ መምህር እውቀቱ በቤተ ልሔም ካልተመሰከረለት እንደ ሙሉ መምህር አይቆጠርም ነበር። ወንጌላውያን ነንና ይህ ታሪክ የእኛ አይመስለን ይሆናል፤ ፊደላችንን ያቆዩልን እነሱ ናቸውና የእኛም ነው። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ተማሪ ሲመጣ ከሚጠየቀው አንዱ «መምህርህ ማን ነው?» የሚለው ነው። የመምህሩ መምህርም ይጠራል። እውቀት ያለ ስም አይሄድም ነበር። በቅኔ ቤትማ የሰው ቅኔ ሰምቶ እንደ ራሱ የሚያቀርብ ተማሪ መሳቂያ ይሆናል፤ ቅኔ ለዕለቱ አዲስ ሆኖ መቆጠር አለበትና።

ብራናውን ተመልከቱ። የድሮ ጸሐፊ መጽሐፉን ሲጨርስ ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ለሚያነበውና ለሚሰማው ምሕረት ይለምናል፤ ስሞቹንም ያስገባል። የእሱ ጥያቄ ዝና አልነበረም፤ በጸሎት እንዲታሰብ ፈልጎ ነው። ይሁንና መጽሐፉ በሽያጭ ወይም በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲዛወር አንዳንዱ አዲስ ባለቤት የቀድሞውን ስም በቢላ ይፍቅና በዚያው ቦታ የራሱን ያስጽፋል። ዛሬ የብራና መጻሕፍትን የሚመዘግቡ ባለሙያዎች ይህን ደጋግመው ያገኙታል። ቆዳው ተፍቆ ሳስቷል፣ የቀለሙ ድምቀት ከሌላው ገጽ ይለያል፣ በጸሎቱ መካከል እንግዳ ስም ተቀምጧል። ስለዚህ ስም መፋቅ ቴሌግራም ያመጣብን በሽታ አይደለም። ቴሌግራም ቢላውን ብቻ ነው ያስቀረው።

የአገራችንን ሰው አለቃ ገብረ ሐናን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ፎገራ ናበጋ የተወለዱ፣ በቀልዳቸው አገር የሚያውቃቸው ሊቅ ናቸው። ከቀልዱ ጀርባ ያለውን ሥራቸውን ግን ጥቂቱ ነው የሚያውቀው። በትውፊት እንደሚነገረው የጣናን ሞገድ እንቅስቃሴ እያዩ ለማኅሌቱ አዲስ የአቋቋም ስልት አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት አልተቀበሉትም። ልጃቸው አለቃ ተክሌ ግን ተምረውት ደብረ ታቦር ላይ አስተማሩት፤ ተስፋፋ። ዛሬ ስሙ «የተክሌ አቋቋም» ነው። አባት አፈለቁት፣ ልጅ ተጠሩበት። ልጅየው ሌባ አልነበሩም፤ ይልቅ ሥራው እንዳይሞት ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ስም ግን ብዙ ጊዜ ከፈጠረው ይልቅ ካሰራጨው ጋር ይጣበቃል።

የአለቃ ገብረ ሐና ነገር ደግሞ ሌላ ገጽታ አለው። ያልተናገሩት ቀልድ ሁሉ በስማቸው ይነገራል። አንድ ሰው ጥሩ ቀልድ ሲያመጣ «አለቃ ገብረ ሐና እንዲህ አሉ» ካላለ የሚሰማው አያገኝም። ሥራቸው በሌላ ስም ሲጠራ የሌላው ቀልድ ደግሞ በእሳቸው ስም ይጠራል። ፌስቡክ ላይ የማንም አባባል ከታዋቂ ሰው ፎቶ ሥር ተለጥፎ የምታዩት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ካይሮ ልውሰዳችሁ። ይህ ታሪክ ለእኛ ከሁሉም ይቀርባል፤ እጃችሁ ላይ ስላለው መጽሐፍ ነውና።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ካይሮ ውስጥ አንድ ኢትዮጵያዊ ሽማግሌ ነበሩ። የውጭ ሰዎች አቡ ሩሚ ይሏቸዋል፤ በእኛ ዘንድ አባ አብርሃም እየተባሉም ይጻፋል። ብዙ አገር የዞሩ፣ ብዙ ቋንቋ የሰሙ ሰው ናቸው። አሴለን ደ ሸርቪል የተባለ የፈረንሳይ ቆንስል ታመው አገኛቸውና አስታመማቸው። ቆንስሉ የምሥራቅ ቋንቋዎች አዋቂ ነበርና አንድ ሥራ አቀረበላቸው፤ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መመለስ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ አልነበረም፤ ቤተ ክርስቲያን የምታነበው በግዕዝ ነበር።

ሁለቱ በሳምንት ሁለት ቀን እየተገናኙ አሥር ዓመት ሠሩ። ከዐረብኛው ያነባሉ፣ የከበደውን ቃል ከሌሎች ቋንቋዎች ጋር ያስተያያሉ፣ ሽማግሌው በአማርኛ ይጽፋሉ። ሥራው ሲያልቅ የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ሆነ። ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት። የመብራት ኃይል በሌለበት ዘመን፣ በሰው አገር፣ በአንድ ሽማግሌ እጅ! እኛ በስልክ አንድ ገጽ ጽፈን ጣታችን ደከመ እንላለን።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ ወደ ካይሮ ሲመለሱም ወረርሽኝ ይዟቸው ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1820 ዊልያም ጆዌት የሚባል የቸርች ሚሽነሪ ሶሳይቲ ሰው ወደ ካይሮ መጥቶ የእጅ ጽሑፉን ለብሪቲሽና ፎሬን ባይብል ሶሳይቲ ገዛው። ዋጋው 1,250 የእንግሊዝ ፓውንድ ነበር፤ ለዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው። ሻጩ ቆንስሉ ነው። የጻፉት ሰው በመቃብር ናቸው።

በቆንስሉ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ። ሰውየውን ከሞት አፋፍ አንሥቷቸዋል፤ ራሱም አሥር ዓመት አብሯቸው ተቀምጧል። እሱ ባይኖር ያ መጽሐፍ አይኖርም ነበር። ይህን ሁሉ ቆጥሬም ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። 1,250 ፓውንዱ ሲቆጠር የጻፉት ሰው አልነበሩም።

መጽሐፉ ሎንዶን ደረሰ። ቶማስ ፔል ፕላት የሚባል ምሁር ለኅትመት አዘጋጀው። አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በ1840 ታተመ፤ ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የሽማግሌው ስምስ የት አለ? የ1824ቱ ወንጌል የርእስ ገጽ ላይ አለ። ወደ አማርኛ የመለሰው አበሻው አቡ ሩሚ እንደ ሆነ በግልጽ ተጽፏል። የተጻፈው ግን በላቲን ነው። ቆንስሉም በዚያው ገጽ ተጠቅሷል፤ አሳታሚውም ተጠቅሷል። መጽሐፉን የሚያነበው ጎንደሬ፣ ትግሬ፣ ሸዌ ከውስጥ ያለውን አማርኛ አንድ በአንድ ያነባል፤ በራሱ ቋንቋ ማን እንዳናገረው የሚነግረውን ገጽ ግን ማንበብ አይችልም። ስሙ ተጽፎ ሳለ ለወገኑ አልተጻፈም።

እነዚያ መጻሕፍት ወደ አገር ቤት ገቡ። ሳሙኤል ጎባት እ.ኤ.አ. በ1830 ወንጌሉን ይዞ ጎንደር ደርሷል። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመንም ከስዊዘርላንዱ ቅዱስ ክሪሾና የተላኩት የእጅ ባለሙያ ሚስዮናውያን የአማርኛ መጻሕፍትን ይዘው መጡ። ማረፊያቸው በእኛ አካባቢ ሆነ፤ ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት። ጋፋት ሲባል ሁላችንም ትዝ የሚለን ሴባስቶፖል መድፍ ነው። ንጉሡ ከእነዚህ ሰዎች የፈለጉት መድፍ ነበርና መድፉን ሠሩላቸው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ይጠራል። በሻንጣቸው የመጣውን የሽማግሌውን አማርኛ ግን የሚያነሳ የለም።

ከካይሮ ወደ ይፋግ እንመለስ። ከመካነ ኢየሱስ ተነሥታችሁ በደብረ ታቦር አድርጋችሁ ወረታ ከደረሳችሁ በኋላ ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ያዙ። አዲስ ዘመን አጠገብ ይፋግ አለች፤ የጥንት የገበያ ከተማ። በዚያ አካባቢ ነው አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1861 ገደማ የተወለዱት። በልጅነታቸው ወላጆቻቸውን አጡ፤ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ወርደው ምጽዋ አጠገብ ምንኩሉ በነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። የአገር ቤቱንም የሊቃውንት ትምህርት ጨመሩበት። ቅኔውንም ወንጌሉንም የያዙ፣ የእኛው ክፍለ አገር ልጅ፣ ወንጌላዊ ጸሐፊ ናቸው። በየጉባኤያችን ስማቸው አለመጠራቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

በ1889 ዓ.ም. ምንኩሉ ላይ የሰዋስው መጽሐፋቸው ታተመ። እ.ኤ.አ. በ1905 ዐፄ ምኒልክ ወደ በርሊን ላኳቸው፤ በዚያ የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት አማርኛ አስተማሩ። እስከ 1908 ቆዩ። አብሯቸው ይሠራ የነበረው ኦይገን ሚትቮኽ የተባለ ጀርመናዊ ምሁር ነው። ሚትቮኽ ከአለቃ ታዬ አፍ እየሰማ ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ የሕዝቡን ንግግር መዘገበና አሳተመ። በኋላም ግዕዝ በአገሩ ሊቃውንት አንደበት እንዴት እንደሚነበብ የሚያሳይ ጥናት በ1926 አወጣ። ምሁራን ለብዙ ዓመት ሲጠቅሱት የኖሩ ሥራ ነው። የዚያ ጥናት መሠረት የአለቃ ታዬ ንባብ ነበር። ጥናቱ ሲወጣ አለቃ ታዬ ሞተው ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ምሁሩ ምንጩን አልደበቀም፤ ይህ ይመሰገንለታል። በዩኒቨርሲቲ ወግ ግን ድምፁን የሰጠው ሰው «መረጃ ሰጪ» ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ የመዘገበው ነው። እኔ ኮሌጅ ሳለሁ ይህን ልዩነት ተምሬ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ። ፍትሐዊ ነው ወይ ብሎ የጠየቀን ግን አልነበረም።

አገር ቤት ሲመለሱም ኑሯቸው አልቀናም። በሃይማኖታቸው ምክንያት ተከሰሱ፣ ታሰሩም። ሰፊ የኢትዮጵያ መንግሥት ታሪክ ጽፈው ነበር፤ እሱ ሳይታተም ቀረ። ለንባብ የበቃችው ትንሿ «የኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ» ናት፤ በ1914 ዓ.ም. አስመራ በስዊድን ሚስዮን ማተሚያ ቤት ታተመች። እሷ ከዚያ በኋላ ደጋግማ ታትማለች። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ1924 ሲሞቱ የደከሙበት ትልቁ ሥራ የእጅ ጽሑፍ ሆኖ ቀረ።

ከወንጌላውያን ወገን አንድ ሌላ ስም ልጨምር፤ አስቴር ጋኖ። ኦኔሲሞስ ነሲብ ወደ ኦሮምኛ የመለሱት መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ቅዱስ ክሪሾና ላይ ሲታተም አብራቸው የደከመች፣ የቋንቋውን ቃላት የሰበሰበች፣ ከባርነት ነፃ የወጣች ወጣት ሴት ናት። ኦኔሲሞስን ሁላችሁ ታውቃላችሁ። እሷን ስንቶቻችሁ?

እንግዲህ ልጅቱ ወደ ጠየቀችኝ ጥያቄ ልመለስ። ለብዙ ዓመት በአእምሮዬ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተደባልቀው ኖረዋል፤ መታወቅና መሰየም። መታወቅ ማንም ለማንም ያለበት ዕዳ አይደለም። ሺህ ሰው እንዲያነባችሁ የመጠየቅ መብት የላችሁም፤ ሰው ያሻውን ያነባል። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ሰው እንዲያያቸው ብለው የሚመጸውቱትንና የሚጸልዩትን ዋጋቸውን ተቀብለዋል ያለው ይህን ረሃብ ነው። ላይክ ስትቆጥሩ ሌሊት የምታድሩ ከሆነ ያ ምዕራፍ ለእናንተ ነው። ለእኔም ነው።

መሰየም ግን ሌላ ነው። ቃላችሁን የወሰደ ሰው ስማችሁን ይዞ ሊሄድ ዕዳ አለበት። ይህን የምለው ከዓለም ተውሼ አይደለም። ለሮሜ ሰዎች የተጻፈውን መልእክት መጨረሻውን አውጡ፤ ምዕራፍ 16 ቁጥር 22። ጳውሎስ እያስጻፈ ሳለ በመካከል ሌላ ሰው ይናገራል። ጤርጥዮስ ይባላል፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ ብሎ በጌታ ሰላምታ ያቀርባል። ጳውሎስ «ይህን አውጣው፣ ክብሩ ለጌታ ነው» አላለውም። የሮሜ መልእክት እስከ ዛሬ የጸሐፊውን ስም ይዞ ይነበባል። ጳውሎስ ራሱም በስሙ የሐሰት ደብዳቤ ይመጣል ብሎ ስለ ሠጋ ሁለተኛ ተሰሎንቄን ሲዘጋ ሰላምታውን በገዛ እጁ ጻፈ፤ የመልእክቶቹ ሁሉ ምልክት ይህ እንደ ሆነም አስታወቀ።

ማርቲን ሉተርም የቸገረው ይኸው ነው። ለመጻሕፍቱ ክፍያ አይቀበልም ነበር። ነገር ግን አታሚዎች በየከተማው ጽሑፉን እያበላሹ በስሙ ሲያወጡ በ1524 በራሱ መጻሕፍት ላይ ሁለት ምልክት ማሳተም ጀመረ፤ ሰንደቅ የያዘ በግና የጽጌረዳ ማኅተሙን። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የስብከት መጽሐፉ ገና በማተሚያ ቤት ሳለ ከፊሉ ተሰርቆ ኑረምበርግ ላይ ወጣበት፤ ሉተር ለከተማው ምክር ቤት ክስ ጽፏል። ገንዘብ ያልፈለገው ሰው ስለ ሥራው ዝም አላለም።

ስለ ደመወዝም ቢሆን መጽሐፍ ቅዱስ አያፍርም። ለሠራተኛ ደመወዙ እንደሚገባው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ጽፏል። ያዕቆብ ደግሞ የተከለከለ ደመወዝ ራሱ እንደሚጮህ ይናገራል። እዚህ ላይ ግን አንድ የማትወዱትን ሰው ላመጣ ነው፤ የኤርምያስ ጸሐፊ ባሮክን። ኤርምያስ ሲናገር እሱ በቀለም ጻፈ፣ ሕዝብ ፊት አነበበ። ንጉሥ ኢዮአቄም ጥቅልሉን በካራ እየቆራረጠ እሳት ውስጥ ጣለው፤ ባሮክም እንደገና ከመጀመሪያው ጻፈው። ኤርምያስ 45 ላይ እግዚአብሔር ለእሱ ብቻ አንድ ቃል ላከለት፤ ለራስህ ታላቅ ነገርን አትፈልግ የሚል። ይከብዳል። የተሰጠው ተስፋ ነፍሱ ብቻ ነበረች። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህን ቃል የተናገረው እግዚአብሔር ነው፤ ጥቅልሉን ያቃጠለው ንጉሥ አይደለም። የሰው ግጥም ወስዶ «ለራስሽ ታላቅ ነገር አትፈልጊ» ማለት የኢዮአቄም አፍ በኤርምያስ ቃል ሲናገር ነው። እኔም ለዚያች ልጅ የተናገርኩት እንደዚያ ነበር ብዬ እፈራለሁ።

የአገራችንም ሕግ ከጸሐፊው ጎን ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣውና በ2007 የተሻሻለው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 አንድ ሥራ እንደ ተፈጠረ ወዲያውኑ ይጠብቀዋል፤ መመዝገብን አይጠይቅም። የጽሑፉ አመንጪ ስሙ እንዲጠቀስ፣ ሥራውም እንዳይበላሽበት የመጠየቅ መብት አለው። የገንዘብ ጥቅሙ መብት ጸሐፊው ሞቶ 50 ዓመት እስኪሞላ ይቆያል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ደብተራችሁ ላይ የምታሰፍሩት ግጥም ነጥቡን ስታደርጉ የእናንተ ነው። ለአንድ ግጥም ፍርድ ቤት የሚሄድ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ከእስቴ ተነሥቶማ ማን ይሄዳል! ሕጉን የጠቀስኩት «ኢንተርኔት ላይ ያለ የሁሉም ነው» የሚለው ወሬ ውሸት መሆኑን እንድታውቁ ነው።

ችግሩ የእነዚህ መድረኮች አሠራር ራሱ ነው። ፌስቡክም ቲክቶክም ማን እንደ ለጠፈው እንጂ ማን እንደ ጻፈው አይጠይቁም። ብዙ ተከታይ ያለው ሰው የወሰደው ግጥም ብዙ ሰው ጋ ይደርሳል፤ በላይቭ የሚላክ ስጦታ ካለም የሚገባው በእሱ ስልክ ነው። ጥቂት ተከታይ ያላት የመካነ ኢየሱስ ልጅ የራሷን ግጥም መልሳ ብትለጥፈው «ከእገሌ ሰርቀሽ ነው» የሚላት አታጣም፤ እንዲህም ተብላለች። አቡ ሩሚም የደረሰባቸው ከዚህ የተለየ አልነበረም። ወደ ሎንዶን የሚወስደው መንገድ በቆንስሉ እጅ ነበር።

ስለዚህ ለምትጽፉት የምመክረው ቀላል ነው። ስትለጥፉ ስማችሁንና ቀኑን በጽሑፉ መጨረሻ ላይ ብቻ ሳይሆን በመካከሉም አስገቡ፤ መጨረሻው ቶሎ ይቆረጣል። የመጀመሪያ ረቂቃችሁን አትጣሉ። ሰው ሲወስድባችሁ መጀመሪያ በግል፣ በትሕትና ጻፉለት፤ ማቴዎስ 18 ለዚህም ይሠራል። እኔ ካየሁት ግማሹ ሰው ሳያስብ ነው የሚያደርገው፤ ሲነገረው ያርማል። የልጅቱንም ግጥም ያነበበው ወጣት መልእክቷ ሲደርሰው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከሳምንት በኋላ ግን ስሟን ከሥሩ ጻፈ። ላይኩ በዚያ ጊዜ አልፎ ሄዷል፤ ቢሆንም ስሙ ተጽፏል።

ለምትወስዱት ደግሞ ከራሴ ልጀምር። ከሦስት ዓመት በፊት ለወጣቶች ያዘጋጀሁት የትምህርት ወረቀት ውስጥ አንድ ገጽ ያህል ከቴሌግራም ያገኘሁት ጽሑፍ አለ። ጥሩ ስለነበረ ወሰድኩት፤ ማን እንደ ጻፈው አልፈለግሁም። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእኔ ነው። ይህን ጽሑፍ ሳዘጋጅ ትዝ አለኝና ጸሐፊውን መፈለግ ጀመርኩ። ሁለት ቻናል ወደ ኋላ ሄጄ አንድ ወንድም አገኘሁ፤ ጽሑፉ የእሱ ነው። ይቅርታ ጠየቅሁት። «ደርሶህ ከጠቀመህ ደስ ይለኛል» አለኝ፤ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ «ግን ስሜን ብትጽፈው ጥሩ ነበር» ጨመረበት። በሚቀጥለው እሑድ ለልጆቹ ነገርኳቸው፤ ወረቀቱንም አስተካክዬ አባዛሁት።

በዚያው ሰሞን በሕብረታችን አንድ ነገር አደረግን፤ ከወደዳችሁት በእናንተም ዘንድ ሞክሩት። የኳየሩን የመዝሙር ደብተር አወጣንና ከእያንዳንዱ መዝሙር ሥር ግጥሙን ማን እንደ ጻፈው በእርሳስ መጻፍ ጀመርን። የታወቁ ዘማሪዎች መዝሙሮች ላይ ዘማሪውን እንጂ ገጣሚውን የምናውቀው ጥቂት ነው። ብዙው ላይ ጥያቄ ምልክት አደረግን። ከነዚያ ውስጥ አንዱ የእኛው ቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚዘምረው፣ ከየት እንደ መጣ ማንም የማያውቀው የቆየ መዝሙር ነበር። ያቺ ልጅ ደብተሩን ይዛ ሽማግሌዎቹን እየዞረች ስትጠይቅ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ሳቁ። ወጣት ሳሉ ቡና ሲወቅጡ የገጠሙት ነው። ለስንት ዓመት ስንዘምረው ከኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው አብረውን ይዘምሩ ነበር።